የጫማ ቀለምና የተጫረ ፕላስቲክ

የአገር ጉዳይ መቼም አያልቅምና ባለፈው ሳምንት የጀመርነውን ጨዋታ ለሚመጣው ላቆየው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና ጥቁር ፕላስቲክ ነው። «ኧረ ይኼ ሰውዬ ጨርሶ ወረደ፤ ትናንት ስለ ሕገ መንግሥት ሲጽፍ የነበረ ዛሬ ስለ ፕላስቲክ!» የምትሉ አትጠፉም። አትፍረዱብኝ። በዚህ ከተማ ከመካከላችን ስንቱ ነው የሰው መኪና በየፓርኪንጉ እያስገባና እያወጣ የቤት ኪራይ የሚከፍለው? ስንቱስ ነው ታክሲ የሚነዳው? ለእነዚህ ወገኖቻችን የአንድ ስንዝር ጭረት የአንድ ሳምንት እንጀራ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ማታ ስልኬ ጮኸ። የደወለልኝ ከአገር ቤት ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ መሐል ከተማ ካለ የምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። ስሙን አልጠራም።

«ጋሼ፣ አለቀልኝ!» አለኝ።

ምን ሆንክ ብለው፣ የአንዲት ደንበኛ መኪና ወደ ኋላ ሲያወጣ ቢጫ ከተቀባው የኮንክሪት ምሰሶ ጋር አነካክቷታል። የተነካው ብረቱ አይደለም፤ ከኋላ ጎማው በላይ እንደ ቅንድብ ዞሮ የተገጠመው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ቢጫ ተለድፎበታል፣ ተፍቋል፣ በመካከሉም ነጭ ነጭ ብሏል። ባለቤቷ ልትመጣ አንድ ሰዓት ቀርቷታል።

«ከሱቅ ጥቁር የጫማ ቀለም ገዝቻለሁ። ልቀባው ነው። ቢጫውን ይሸፍንልኛል ወይ ብዬ ነው የደወልኩልዎት» አለኝ።

አንባብያን ሆይ፣ ይህን ስሰማ እጄ ከስልኩ ጋር ደርቆ ቀረ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ነው።

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም እኔም እንደዚሁ ልጅ ነበርኩ። ጋዜጠኝነቱን አገር ቤት ጥዬ፣ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ያገኘሁትን ዲግሪ ሻንጣ ውስጥ ጠቅልዬ፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ተራ እሠራ ነበር። አንድ ማታ የአንድ ደንበኛ መኪና ፓራውልት ማዕዘን ላይ ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ ከግንቡ ጋር ፋቅሁት። ማንም አላየኝም። ቦርሳዬ ውስጥ የጫማ ቀለም ነበረኝና ቀባሁት። በመብራት ሲያዩት ደህና ይመስላል። ሰውየው ጉርሻዬን ሰጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ቀለሙ ታጥቦ ጭረቱ ወጣ። ሰውየው ተቆጥቶ ሲመጣ ተራው የእኔ አልነበረም። ያን ቀን በቦታው የነበረው አንድ ያገሬ ሰው፣ ሦስት ልጆች ያሉት አባት ነበር። «አንተ ነህ» ተባለ። «አይደለሁም» አለ፤ የሚያምነው አጣ። ተባረረ። እኔ በማግሥቱ ሥራ ገብቼ ወሬውን ስሰማ ዝም አልኩ። ከዚያም ሌላ ስቴት ሄደ ሲሉ ሰማሁ። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

እንግዲህ ለልጁ ምን እንዳልኩት ትገምታላችሁ። «ቀለሟን ወዲያ ጣላት። አሁኑኑ ፎቶግራፍ አንሳ። ለአለቃህ ንገር። ሴትዮዋም ስትመጣ ራስህ ንገራት። ፕላስቲኩን ደግሞ አትንካው፤ እኔ ሳላየው ማንም እንዳይነካው» አልኩት። ልጁ እየተርበተበተ እንዳልኩት አደረገ።

ሴትዮዋ መቆጣቱን ተቆጣች፤ ማን አይቆጣም? በማግሥቱ አንድ የቦዲ ጋራዥ ወስዳ አስገመተች። «ፕላስቲኩ በሙሉ ይለወጣል፤ አጠገቡ ያለውም ቀለም ይነካካል» ብለው 840 ዶላር ጻፉላት። አለቃው ደግሞ ወረቀቱን ለልጁ አሳይቶ «ከደመወዝህ ነው» አለው። ልጁ ወረቀቱን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። እኔም በሚቀጥለው ቀን ሄጄ መኪናዋን አየኋት።

እዚህ ላይ ስለ ፕላስቲኩ ጥቂት ላውጋችሁ። መድኃኒቱ ከበሽታው ዕውቀት ይጀምራልና።

አገር ቤት መኪና ስናውቅ ፓራውልት ማለት ብረት ነበር። የሰማያዊና ነጯ ላዳ ታክሲ ፓራውልት ሲጎብጥ ቀጥቃጭ ዘንድ ይወሰዳል፣ በመዶሻ ይቃናል፣ ስቱኮ ይለሰናል፣ ይቀባል። የኋላ ኋላ ፕላስቲኩ ሲመጣ ሲሰነጠቅ በሽቦ እየሰፉ መንዳት ተለመደ። ፈረንጆቹ ወደ ፕላስቲክ የዞሩት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ1970ዎቹ ውስጥ ነው። በ1972 የወጣችው የፈረንሳይዋ ሬኖ 5 የፕላስቲክ ፓራውልት ይዘው በብዛት ከተሠሩት መኪኖች የመጀመሪያዎቹ መካከል ናት። ዛሬ ደግሞ ከፍ ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ በጎማው ዙሪያና በበሩ ግርጌ ጥቁር ፕላስቲክ ታጥቀዋል።

የዚህ ፕላስቲክ ዋናው ዘር ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። ጁሊዮ ናታ የሚባል ጣልያናዊ ኬሚስት በ1954 የሠራው ነው፤ በ1963 ከጀርመናዊው ካርል ሲግለር ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። «ፓራውልት» የሚለውን ቃል የሰጠን ጣልያን፣ ፓራውልቱ የሚሠራበትንም ሰጠን ማለት ነው! ለመኪና ሲሆን ጎማ መሰል ነገር ይደባለቅበታል፤ በብርድ እንዳይሰበር። ፕላስቲኩን ፈታችሁ ጀርባውን ብታዩት በላቲን ፊደል «ፒፒ» እና «ኢፒዲኤም» የሚል ታትሞበት ታገኛላችሁ፤ ፖሊፕሮፒሊንና ጎማው ማለት ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ያ ሸካራ ጥቁር ፕላስቲክ ቀለም አልተቀባም። ጥቁረቱ ከላይ እስከ ታች የራሱ ነው፤ ጥቀርሻ መሰል የካርቦን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ ቀልጦ ገብቷል። ብረት ሲጫር ቀለሙ ይሄዳል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ይወጣል፣ ይዝጋል። ይኼኛው ሲጫር ግን ከሥሩ የሚወጣው ያው ጥቁሩ ነው። ታዲያ ለምን ነጭ ይመስላል? ገጹ ተፍቆ ስለሚሸካከር፣ ውስጡም በጭንቀት ጥቃቅን ክፍተት ስለሚፈጥር ብርሃኑን ይበትነዋል። ነጩ ቀለም ሳይሆን የብርሃን ነገር ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን ቀለም አይወድም። ቀለም ቀቢዎች የሚጠሉት በዚህ ነው፤ ልዩ ማጣበቂያ ካልቀደመለት ቀለሙ ይላጣል። ነገር ግን ለቀቢው መርገም የሆነው ለልጁ በረከት ሆነ። ቀለም አጥብቆ ካልያዘው፣ የምሰሶውም ቢጫ አጥብቆ አልያዘውም ማለት ነዋ!

ስለዚህ በተጫረ ፕላስቲክ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ያስከፍላል?» ሳይሆን «ምኑ ነው የተጎዳው?» የሚለውን ነው። ሦስት ዓይነት ጉዳት አለ። አንደኛው ከሌላ ነገር ላይ የተለደፈ ቀለም ነው። ሁለተኛው የላይ ላይ ፍቀት ነው፤ ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት አይይዝም። ሦስተኛው ጥፍር የሚይዘው ቦይ ወይም ስንጥቅ ነው። በአንድ ጉዳት ላይ ሦስቱም ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ። የጋራዡ ሰው ሦስቱንም ደምሮ «ይለወጥ» ቢል ውሸታም ነው አልልም፤ እሱ በሰዓት ነው የሚያስበው፤ መለወጥ ለእርሱ ይቀለዋል። ለእኛ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብናል።

በልጁ ጉዳይ ያየሁት እንዲህ ነው፤ ብዙው ቢጫ ልዳፊ፣ ከሥሩ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ፍቀት፣ በመካከሉ የክብሪት እንጨት የምታህል አንዲት ቦይ። ፕላስቲኩ አልተሰነጠቀም፣ ከቦታውም አልተነቀለም። ለሴትዮዋ ይህንኑ አስረዳኋትና «በዓይንሽ ፊት እንሞክረው፤ ካልወደድሽው ጋራዡ የትም አይሄድም» አልኳት። ጥቂት አሰበችና እሺ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ከውጪ፣ አየር ባለበት ቦታ ተገናኘን።

አንደኛ፣ በሳሙናና በሞቀ ውሃ አጠብነው። ይህን አትዝለሉት፤ አፈሩ ሳይለቅ ብታሹት ሌላ ጭረት ትጨምራላችሁ። አደረቅነው። ሁለተኛ፣ ከፋርማሲ የሚሸጠውን አይሶፕሮፒል አልኮል በንጹሕ ጨርቅ አድርገን፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞከርነው። ፕላስቲኩ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቢጫውን በጥርስ ብሩሽ፣ የሸካራውን መስመር እየተከተልን ማሸት ጀመርን። ካልለቀቀ ሚነራል ስፒሪት የሚባለውን የቀለም ማጠቢያ በጥቂቱ መጠቀም ይቻላል። ቲነርና አሴቶን ግን አይነኩም፤ አጠገቡ ያለውን የብረቱን ቀለም ይበሉታል። ልጁ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲያሽ ቢጫው ሁሉ ጨርቁ ላይ ወጣ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየችና «ኦ!» አለች። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

ሦስተኛው ነጩ ፍቀት ነው። ለዚህ ሂት ገን የሚሉትን ሙቅ አየር የሚተፋ መሣሪያ የሕንፃ ሥራ ከሚሠራ ወዳጄ ተዋስኩ። ፕላስቲኩ ገጹ በመጠኑ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ጥቃቅኑ ክፍተት ይዘጋል፣ ጥቁሩ ተመልሶ ይመጣል። ነገር ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ መሣሪያው ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይተፋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ማቆም የለም፤ እንደ ብረት ካውያ እያንቀሳቀሱ፣ ራቅ አድርጎ፣ እያረፉ ነው። መብረቅረቅ ከጀመረ ሸካራነቱ እየቀለጠ ነውና በቶሎ ማራቅ ነው፤ የሄደ ሸካራነት አይመለስም። የብረቱን ቀለምና ጎማውን መሸፈን፣ አልኮሉ ጨርሶ ሳይደርቅ እሳት አለማስጠጋትም ግዴታ ነው። ያልሠራችሁበት ከሆነ መጀመሪያ በተጣለ ፕላስቲክ ላይ ተለማመዱ። እኔም ልጁን በአሮጌ ፓራውልት ቁራጭ ላይ ካለማመድኩት በኋላ ነው የሰጠሁት። ነጩ በዓይናችን እያየን ጠቆረ።

ቦይዋ ቀረች። በዙሪያዋ ቆሞ የነበረውን ፀጉር መሰል ፕላስቲክ በስለታም ምላጭ ቀስ ብለን ላጨነው፤ በጥቂቱ አሞቅነው። ካልጎነበሱ አትታይም፤ ከጎነበሱ ግን አለች። በስቱኮ እንሙላት ብንል፣ ተጣጣፊ የሆነው የፕላስቲክ ስቱኮ፣ ማጣበቂያውና ሸካራ መሳይ ቀለሙ ተገዝቶ እንኳ የፋብሪካውን ገጽ መምሰሉ ያጠራጥራል። የብርጭቆ ወረቀትማ እንዳታስቡት! ጭረቱን ስታጠፉ በዙሪያው ያለውን ሸካራ ሁሉ ትልጣላችሁና የክብሪት እንጨቷን የሳህን ስፋት ታደርጓታላችሁ።

ስለ መሸፋፈኛዎቹም አንድ ቃል። የጫማ ቀለም ሰምና ቀለም ነው፤ ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ዝናብና ሳሙና ይወስዱታል፣ የሰውን ልብስም ያበላሻል። ከየሱቁ የሚሸጠው ቅባት የነጣውንና ግራጫ የሆነውን ፕላስቲክ ለጊዜው ያሳምራል፤ ጭረት ግን አይሞላም። ፀሐይ ላነጣችው ፕላስቲክ የተሻለው ታጥቦ በደረቀ ገጽ ላይ የሚቀባውና የሚደርቀው ዓይነት ነው። የኦቾሎኒ ቅቤ የሚሉም አሉ። የደረቀ የመኪና ሰም ከሸካራው ውስጥ ለማውጣት ይረዳል ይባላል፤ እኔ ግን ኦቾሎኒውን ለዳቦ፣ ለሰሙ ሳሙናውን እመርጣለሁ። አሮጌ መኪና ስትገዙም ፕላስቲኩ ሁሉ እንደ ወይራ ሲያብለጨልጭ ካያችሁ በሳሙና ጨርቅ አንድ ጥግ ጥረጉና እዩ።

እንግዲህ መለወጥ የሚገባው መቼ ነው? ሲሰነጠቅ፣ ጆሮው ተሰብሮ አልይዝ ሲል፣ ወይም ቦዩ ጠልቆ በሰፊው ሲሆን ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ፓራውልቱ በሙሉ መለወጥ የለበትም። ብዙውን ጊዜ የጎማው ቅንድብ ለብቻው ይሸጣል። አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ለዕቃ ሻጩ ስትሰጡት ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር ያወጣላችኋል። የተሰባበሩ መኪኖች ከሚራገፉበት ግቢ ሄዶ ራስን ፈትቶ መውሰድም አለ። ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃ ሲለቅም ለኖረ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ቅንድቡ ያልተቀባ ከሆነ የቀለም ማስማማት ጣጣ የለውም፤ ፀሐይ እንደ መኪናችሁ ያነጣችውን መምረጥ ብቻ ነው።

አፈታቱን በተመለከተ፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለውን አትርሱ። የሚይዙት ብሎኖችና ከጀርባ የተሰኩ የፕላስቲክ መቆንጠጫዎች፣ አንዳንዴም በሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር ናቸው። መቆንጠጫዎቹ ሲነቀሉ ብዙዎቹ ይሰበራሉና አዳዲሶቹን ገዝታችሁ ጀምሩ። በካቻቢቴ አትፈልቅቁ፤ ብረቱን ትጭሩና አንዱን ዕዳ በሁለት ትተካላችሁ። የፕላስቲክ መፈልቀቂያ በጥቂት ዶላር ይገኛል። በብርድ ጠዋትም አትሞክሩት፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ይሰበራል። ፕላስተር ያለበት ከሆነ ብረቱን በአልኮል ጠርጋችሁ፣ ሞቅ ባለ ቀን ተጫኑት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በዛሬ መኪኖች ፓራውልት ጀርባ ብዙ ጊዜ ራዳርና ዳሳሾች አሉ፤ ጎንህ መኪና መጣ ብሎ መብራት የሚያበራው ያ ነው። ከፊቱ ስቱኮ መለሰንና ቀለም መደራረብ ዕይታውን ሊያዛባው ይችላል። እዚያ ላይ የደረሰ ጉዳት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቁጠባ አያሻውም።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ሴትዮዋ ቦይዋን በጣቷ ዳሰሰቻት። «ይህችን እኔው ራሴ የገበያ ጋሪ ገፍቼ ላደርጋት እችል ነበር። ትቆይ» አለች። የ840 ዶላሩንም ወረቀት ቀደደችው። ለልጁ ግን ያለችው ሌላ ነው፤ «ባትነግረኝና በኋላ ባየው ኖሮ አንድ ሳንቲም አልተውልህም ነበር» አለችው።

ስለ ደመወዙም እንዳልረሳ። አለቃው «ከደመወዝህ» ሲል ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀብሎ ነበር። ወገኖቼ፣ በዚህ አገር በ1938 በወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ መሠረት፣ አሠሪ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚቆርጠው ገንዘብ የሠራተኛውን ክፍያ ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች ሊያወርደው አይችልም፤ የትርፍ ሰዓቱንም ክፍያ ሊነካበት አይችልም። ከዚህ የጠበቀ ሕግ ያላቸው ስቴቶችም አሉ። ብዙ የፓርኪንግ ድርጅቶች ደግሞ በእጃቸው ላለ የደንበኛ መኪና የሚገቡት ኢንሹራንስ አለ። ስለዚህ «ፈርም» ስትባሉ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። መጠየቅ ጥፋትን መካድ አይደለም። ጥፋትንም ማመን ያልተገባ ዕዳ መሸከም አይደለም። ይህን ሁለቱን የምናምታታው እኛው ነን፤ በሰው አገር ነን እያልን አንድም እንደብቃለን፣ አለዚያም ዝም ብለን እንከፍላለን።

ልጁ ሥራው ላይ ነው። የጫማ ቀለሟንም አልጣላትም፤ እሑድ ጫማውን ጠርጎባት ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ አይቼዋለሁ። ለእርሷ የተሠራችው ለዚያ ነው።

እኔ ግን ዕዳዬ አለ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በእኔ ጥፋት እንጀራህን ያጣህ ወንድሜ፣ ይህች ጋዜጣ ባለህበት ደርሳህ ታነብ እንደሆነ፣ ያን ፕላስቲክ የፋቅሁት እኔ ነኝ። የቀባሁትም እኔ ነኝ። ዝናቡ ቀለሙን ሲያጥበው የእኔን ዝምታ አላጠበውም። አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ። ብትመጣ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ ለመካስም ዝግጁ ነኝ። ባትመጣም እውነቱ በስሜ ተጽፏል።

ሳምንት በቸር ያገናኘን።